ከደብረ ብርሃን ወደ አፋር በረሃ በአባዱላ፣ ውሻችንን ይዘን፤ ሐሳብ ስጡን

የባሶዋ፦
ሰላም የመንገድ ሰዎች። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፣ አንድ አሮጌ አባዱላ ገዝተን የኋላ ወንበሮቹን አስነቅለን አልጋ አስገጠምንበት፣ ጣራው ላይ ሶላር አለ፣ ከሱ የምትሠራ ፋንና መብራት፣ በኋላ በሩ በኩል ቡታጋዝና የውሃ ጀሪካኖች። ፈረንጆቹ ካምፐር የሚሉት ዓይነት ነው፣ የኛ ግን እዚሁ ጋራዥ ውስጥ የተሠራ። እስካሁን የዞርነው ብርድ ብርዱን ነው፣ አንኮበር፣ ሳሲት፣ መንዝ። አሁን በረሃ ማየት አማረን።

ያሰብነው በመጋቢት መጨረሻ በጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ከዚያ አፍዴራ፣ ከተመቸን እስከ ዳሎል። ውሻችን መቻልም አብሮን ይሄዳል። 30 ኪሎ ገደማ ነው፣ እናቱ የደጋ በግ ጠባቂ፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ድብልቅ፣ ፀጉሩ እንደ መንዝ በርኖስ ነው። ከደብረ ሲና በታች ወርዶ አያውቅም።

ሙቀቱን ይችለዋል ወይ? ስንት ውሃ እንያዝ? ማታ የት እናሳድረው? አፋሮች ውሻ አይወዱም ይባላል እውነት ነው? ቤት ተዪው የምትሉ ካላችሁም ምክንያታችሁን ጻፉልኝ፣ እሰማለሁ፣ ግን እሱን ትቼ ሄጄ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ከወዲሁ እወቁልኝ።

የጅቡቲ መስመር፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ወሩን ቀይሪው። መጋቢት ሲያልቅ የአፋር ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ እኛ እንኳን የለመድነው ጎማ እንዳይፈነዳ ብለን ቀን ጥላ ሥር ቆመን ማታ ነው የምንነዳው። የበረሃ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው፣ ያኔ ሌሊቱ ይተነፈስበታል።

ሁለተኛ ጣርማ በር። ዋሻውን እንዳለፋችሁ ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት 1300 ገደማ ላይ ነው የምታርፉት። 100 ሊትር ውሃ ማለት 100 ኪሎ ነው፣ አልጋው አለ፣ ባትሪው አለ፣ ቡታጋዙ አለ፣ እናንተ አላችሁ፣ ይሄ ሁሉ ፍሬኑን ነው የሚገፋው። ስለዚህ ውሃውን ከደብረ ብርሃን ሞልታችሁ አትውረዱ፣ ለመንገድ የሚበቃ ብቻ ያዙና ኮምቦልቻ ሙሉ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እንጂ እሱ ላይ ተኝቶ መውረድ የለም። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቁሙ። ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች ጋ ቆሎሽን ግዢ፣ እግረ መንገድሽን እጅሽን ወደ ቸርኬው አስጠጊ፣ እንዳትነኪው፣ አስጠጊ ብቻ። ወላፈኑ መዳፍሽን ከገረፈሽ ግማሽ ሰዓት ቁሙ፣ ውሻውንም በገመድ አውርዳችሁ አናፍሱት። ውሃ ግን አታፍሱበት፣ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ሊጣመም ሊሰነጠቅ ይችላል።

በአንድ ቀን ሚሌ እንገባለን አትበሉ። የመጀመሪያውን ቀን ኮምቦልቻ እደሩ፣ አየሩ ወይናደጋ ነው፣ ውሻውም ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በማግስቱ ልክ ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ በባቲ አድርጋችሁ ፀሐይዋ ሳትከር ሚሌ ናችሁ። ማታ አትንዱ፣ ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል፣ መብራት የሌለው ተሳቢ ይቆማል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ መናኸሪያ ሂዱና ከዚያ መስመር የመጡትን ሾፌሮች መንገዱ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሰላም ካልሆነ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይደርሳል።

የባሶዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የውሃውን ክብደት ጭራሽ አላሰብነውም ነበር። መጋቢትን ሰርዘናል፣ ታኅሣሥ እናድርገው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አባዱላ አሸዋ ላይ ይሄዳል?

የጅቡቲ መስመር፦
ከአስፋልት ብዙ አትራቁ። የሚጎትተው የኋላው ጎማ ብቻ ነው፣ ለስላሳ አሸዋ ውስጥ ከገባ በተረገጠ ቁጥር ራሱን ይቀብራል። ግድ ከሆነ የጎማውን ነፋስ ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ድረስ አውርዱና በቀስታ ሳትቆሙ እለፉ፣ አስፋልት ላይ ስትመለሱ ግን ወዲያው መሙላት አለባችሁ ምክንያቱም ነፋስ ያነሰው ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ከተነዳ ውስጡ ይቃጠላል። ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይኑራችሁ። ሁለት ስኮርታ ያዙ፣ ክሪኩን የምታስቀምጡበት ሰፊ ጣውላም ያስፈልጋችኋል፣ አለዚያ ክሪኩ ራሱ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል።

ዶክተር እንስሳ፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ሥራዬ ሸዋ ውስጥ ነው። እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድም፣ ውሻ እንደኛ በቆዳው አያልብም፣ ላቡ እግሩ መዳፍ ላይ ብቻ ነው ያውም ጥቂት። የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ማለክለክ በደንብ የሚሠራው ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ከሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ነው፣ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፣ እና ውጭው 40 ሲሆን አስቢው፣ የሚያስገባው አየር ከራሱ ሰውነት የጋለ ነው። ለዚህ ነው ወሩ ከሁሉም በፊት የሚመጣው፣ ጋሼም ትክክል ናቸው።

ዳሎልን ከዕቅዱ አውጪው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፣ ሌሊቱም ቀኑም የቀዘቀዘውም ወር ተደምሮ ማለት ነው። ከዚያ ላይ መሬቱ አሲድና ጨው ነው። ውሻ ጫማ የለውም፣ የረገጠውን ደግሞ ይልሰዋል። እዚያ ውሻ ይዞ መሄድ አልደግፍም።

ውሃን በተመለከተ በተለመደው ቀን ውሻ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፣ መቻል 30 ኪሎ ከሆነ እስከ 1.8 ሊትር ገደማ። በረሃ ላይ እጥፉን አስቢ፣ 4 ሊትር ለሱ ብቻ ያዢ። ለእናንተ ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 5 ሊትር የሚጠጣ፣ ለማብሰያና እሱን ለማርጠብ ደግሞ ሌላ 10። በቀን 25 ሊትር ብለሽ አስልተሽ የአንድ ቀን መጠባበቂያ ጨምሪበት። በአንዴ ሳህን ሙሉ አትስጪው፣ ትንሽ ትንሽ በየሰዓቱ።

መሄዱ ካልቀረ ይሄን እዚያው ቤት ተለማመጂው። ከንፈሩን ገለጥ አድርገሽ ድዱን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊና ልቀቂ። የተጫነው ቦታ ነጭ ይሆናል፣ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ከዘገየ ወይም ድዱ ደርቆ ጣትሽ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውሃ አንሶታል። ድዱ ደም መስሎ ከቀላ፣ ለሃጩ ከወፈረና ከተዝለገለገ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው ሙቀት መቶታል፣ ከ41 ዲግሪ በላይ ሲገባ አንጎሉና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። ያኔ ጥላ፣ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ፣ በተለይ ሆዱና ብብቱ፣ ከዚያ ፋን። እርጥብ ፎጣ አልብሰሽ አትተዪው፣ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍንበታል። ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ወደ ሐኪም፣ ደህና ቢመስልም።

ፀጉሩን አትላጪው፣ አበጥሪው ብቻ። የረገፈው የውስጥ ፀጉር ይውጣለት እንጂ ላዩ ከፀሐይ ይከልለዋል።

መኪናውን ደግሞ አደራ። ውጭ 24 ዲግሪ እንኳ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 34 ይደርሳል፣ በግማሽ ሰዓት 43። መስኮት በትንሹ ከፍቶ መተው ምንም ያህል አይለውጠውም። ባቲ ላይ ሁለታችሁም ምሳ ገብታችሁ እሱን መኪና ውስጥ መተው የለም፣ አንዳችሁ ስትበሉ አንዳችሁ ከሱ ጋር።

አንድ አሳቢ፦
እኔ ግን ቤት ይቅር ባይ ነኝ። ውሻው በረሃ ልይ አላለም። የበርኖስ ፀጉር ያለውን እንስሳ ለእናንተ ደስታ ብላችሁ እሳት ውስጥ መክተት ነው፣ ዘመድ ጋር አስቀምጡትና ሂዱ።

የባሶዋ፦
ወንድሜ ሐሳብህ ልክ ነው፣ በቅሬታ አልወሰድኩትም። ለሱ ከማይሆን ቦታ ላይ ለኔ ደስታ አልወስደውም፣ ዳሎልን ዶክተር እንዳለችው አውጥተነዋል። ግን መቻል ያለኛ ሰው አያስጠጋም፣ አንድ ጊዜ ሠርግ ሄደን እህቴ ጋ ትተነው እህል ሳይቀምስ ነው የጠበቀን። እና ጥያቄዬ በረሃ ይሂድ አይሂድ ብቻ አይደለም፣ እስከ የት ድረስ ቢሄድ አይጎዳም የሚለው ነው።

የጓሳ ልጅ፦
ለምን እኛ ጋ አትመጪም፣ ብርድ ነው፣ ውሻሽም ይመቸዋል ልልሽ አስቤ ተመለስኩ። ጓሳ፣ የመንዙ ጥብቅ የሣር ቦታ፣ ውሻ ይዞ መግባት አይሆንም። ቀይ ቀበሮ ያለበት ቦታ ነው፣ በዓለም ላይ በጠቅላላ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ባሌ ላይ ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። አባቶቻችን ያንን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ሕዝቡ ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት የቆየ ደንብ፣ ጠብቀው ነው ያቆዩልን። መንዝ ስትመጪ መንደሩ ውስጥ ችግር የለም፣ ጓሳው ላይ ግን መቻልን ይዘሽ አትውጪ። የአዋሽ ፓርክ ዓይነት ቦታም ካሰባችሁ ያው ነው፣ ሳላና ሚዳቋ ያለበት ፓርክ ውስጥ ውሻ ቦታ የለውም።

ዶክተር እንስሳ፦
የጓሳ ልጅ አመሰግናለሁ፣ ክትባቱን ላነሳው አስቤ ረስቼው ነበር። የእብድ ውሻ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት መወጋት አለበት፣ ዓመት ካለፈው ይደገም፣ ካርዱ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ሰው ቢነክስ ካርዱ ብዙ ጭንቀት ያቀልላል፣ ቢሆንም ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ሰውየው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የመዥገር መድኃኒትም አድርጊለት፣ ቆላው በመዥገር የታወቀ ነው።

ምግቡን አደራ፣ የተረፈ ወጥ አትስጪው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። ሩዝ በሥጋ ቀቅለሽ ጨው ሳታደርጊ ለመጀመሪያው ቀን ያዢለት፣ ከዚያ በኋላ ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ደረቁን ግን ከአሁኑ አስለምጂው፣ መንገድ ላይ ድንገት ከተቀየረበት ሆዱ ይሄዳል።

ሎጊያ ነኝ፦
የአፋር ልጅ ነኝ፣ እህቴ ስለኛ ስለጠየቅሽ ልመልስ። አፋር ውሻ አያውቅም አይደለም፣ መንጋ የሚጠብቅ ውሻ ያለው ቤት አለ። ግን ሙስሊሞች ነን፣ በእኛ ዘንድ ውሻ የላሰው እቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ስለዚህ ውሻሽ ሰው የሚጠጣበትን እቃ፣ የሚሰገድበትን ሰሌን፣ ከብት የሚጠጣበትን ገንዳ እንዳይነካ። የራሱን ሳህን የራሱን ውሃ ያዢለት። ይሄን ካደረግሽ ማንም ክፉ አያናግርሽም።

ትልቁ ነገር ፍየል ነው። ውሻሽ በግ ጠባቂ ዘር ከሆነ ፍየል ሲያይ መሮጡ አይቀርም፣ ለሱ ጨዋታ ነው፣ ለባለ መንጋው ግን ንብረቱ ነው የተባረረው፣ ያረገዘች ፍየል ሮጣ ትጨነግፋለች። ግመል ደግሞ በእርግጫ ይገድለዋል። ገመዱ ከእጅሽ አይውጣ፣ ሜዳው ባዶ ቢመስልሽም። በረሃ ላይ ባዶ የሚመስል ቦታ ሁሉ የአንድ ጎሣ ግጦሽ ነው። ለማደር ስታስቡ መንደር ፈልጉና ሽማግሌ አስፈቅዱ፣ ቁጭ ብላችሁ ዳጉ ተለዋወጡ፣ ከየት መጣችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ይሄ ሁሉ ይጠየቃል፣ ቸኩለሽ አታቋርጪ። ዳጉ የተለዋወጠ ሰው ወሬው ቀድሞት ይሄዳል፣ ነገ የምትደርሱበት ቦታ ነጭ መኪና ከውሻ ጋር እየመጣ ነው ተብሎ ይጠብቋችኋል፣ እንግዳ ናችሁና ትጠበቃላችሁ።

ሌላው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ጥላም አለው፣ ያታልላል። ወሎና ሸዋ ደጋ ላይ የዘነበው ሌሊት ላይ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ይደርሳል። ጅብ አለ፣ ውሻ ደግሞ ይበላል፣ እና ማታ ከመኪናው ውጭ ታስሮ አያድርም። አዋሽ ወንዝ ዳር አታጥቡት፣ አዞ አለ። አፍዴራ ከመጣችሁ ሐይቁ ጨው ነው፣ ከጠጣው ይመርዘዋል፣ ሲጠማው ጨው መሆኑ አያቆመውም። ወንዝ ዳር ዳሩን የሞላው ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ እሾሁ ጎማ ይበሳል፣ መዳፍም ይበሳል፣ ስትቆሙ መሬቱን አይታችሁ ቁሙ።

የባሶዋ፦
ሎጊያ ወንድሜ አላህ ይስጥልኝ፣ የማላውቀውን ብዙ ነገር ነው የነገርከኝ። ፍየሏ ልትጨነግፍ እንደምትችል አላሰብኩም። ረጅምና አጭር ሁለት ገመድ እይዛለሁ። መኪና ውስጥ ሲያድር ግን ሙቀቱስ? መስኮት ከፍተን ካደርን ትንኝ፣ ዘግተን ካደርን እንታፈናለን።

ሸዋ ሮቢት፦
ለዚህ እኔ ልመልስ፣ ቆላ ኗሪ ነኝና። የመስኮቱን ልክ በላሜራ ፍሬም አስደርጋችሁ የወንፊት ሽቦ አስገጥሙ፣ ጨርቁ መረብ በውሻ ጥፍር ይቀደዳል። ሁለቱንም ጎን ክፈቱ ነፋሱ እንዲያልፍ፣ ፋኑን ወለሉ ላይ ወደ ውሻው አዙሩት፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣውና እሱ ታች ይሻለዋል። ለናንተ አጎበር ግድ ነው፣ ከኛ ጀምሮ ወደ ታች ወባ አለ። ቀን ደግሞ ጣራው ላይ ሸራ ወጥሩ፣ ሸራውና ቆርቆሮው እንዳይነካኩ አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉለት፣ በመሐል አየር ካለፈ ልዩነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ሶላሩን ግን እንዳትሸፍኑት። ከሰል መኪና ውስጥ አታስገቡ፣ ለቡናም ቢሆን፣ ሽታ የሌለው ጭሱ ሰው ይገድላል፣ ቡናውን ውጭ አፍሉ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ለምን መጀመሪያ እኛ ጋ አትሞክሩትም? ኅዳር ላይ ውረዱና ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ግቢ አለኝ፣ ጥላ አለ፣ ውሃ አለ። ከናንተ ጋ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቻል በኛ ሙቀት ካልበላ ካልተኛ ሚሌ አትውሰዱት፣ በዚያው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ትመለሳላችሁ። ከሚሌ ላይ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ብርድ አታገኙለትም።

ዶክተር እንስሳ፦
እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይሄን ነው የምደግፈው። ውሻ ሙቀት ለመልመድ ከሳምንት በላይ ይፈልጋል፣ ሁለት ሌሊት አያለማምደውም፣ ግን እንዴት እንደሚሆን ያሳያችኋል። እዚያ ሳላችሁ ቀን 8 ሰዓት ላይ ጥላ ሥር ተኝቶ እያለ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቁጠሪ። ተኝቶ ያረፈ ውሻ ከ40 በታች ነው። ተኝቶም ሳያቋርጥ የሚያለከልክ ከሆነ መልሱን አገኘሽ።

አንድ አሳቢ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ። ከቆጠርሽ በኋላ ግን ቁጥሩን እመኚ፣ ልብሽ እንዳያሸንፍሽ።

የባሶዋ፦
እሺ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል። ክትባቱ በዚህ ሳምንት። ኅዳር ላይ ሸዋ ሮቢት ሁለት ሌሊት፣ ግቢውን ስለፈቀድክልን ወንድሜ ተባረክ፣ በሶና የሳሲት ማር ይዘን እንመጣለን። እስትንፋሱን ቆጥሬ እዚሁ እጽፋለሁ። ጥሩ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ በኮምቦልቻ አድረን እስከ ሚሌና ሎጊያ፣ ከዚያ አናልፍም። አፍዴራና ዳሎል ለሌላ ጊዜ፣ ያለ መቻል። ጥሩ ካልሆነ አንዳችን ከሱ ጋር ቤት እንቀራለን። ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ኤሲ ከፍተን መውጣት እንችላለን? ለሱ ብለን ነው።

የጅቡቲ መስመር፦
አሮጌ አባዱላ ከሆነ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ያለውን ዳገት ኤሲ ከፍቶ መውጣት ሞተሩን ያግላል። በጠዋት ውጡት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፋኑ ለሱ ይብቃው፣ በየ 10 ደቂቃው የሙቀት መርፌውን እዩ። ከመሐል ካለፈ፣ ኤሲውን ከፍታችሁት ከሆነ ይዘጋ፣ አሁንም ከወጣ የሞተሩን ማሞቂያ ወደ ውስጥ ክፈቱት፣ ከራዲያተሩ ሙቀት ይቀንሳል፣ እናንተ ግን ያኔ ውሻውን አውርዳችሁ በእግር ከኋላ ተከተሉ፣ አንዳችሁ ብቻ ይንዳ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ግሎ እያለ እንዳትከፍቱት። ከመነሳታችሁ በፊት ቱቦዎቹንና ቺንጊያውን መካኒክ ይይላችሁ፣ አንድ ትርፍ ቺንጊያም ያዙ።

የባሶዋ፦
ቺንጊያውን ነገ አስቀይራለሁ ጋሼ። አሮጌውን መጠባበቂያ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፣ አዲስ ሁለት እገዛለሁ።